ፍሬሽማን ነህ፣ ሦስተኛ ነህ፣ ገና ነሐሴ ነው

የደረሰኝ ደብዳቤ ረዘም ያለ ነው፤ አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊው 18 ዓመቱ ነው። በ11 ዓመቱ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ መጣ፣ ሜሪላንድ ሃይስኩል ጨረሰ፣ ዘንድሮ በሙሉ ስኮላርሺፕ ኮሌጅ ገባ። የሚጫወተው ፉትቦል ነው፤ የአሜሪካውን ማለቴ ነው፣ በእጅ የሚያዘውን። ቦታው ሪሲቨር ነው፣ ሮጦ ኳስ ተቀባይ። ልምምድ ከጀመሩ ሁለተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። እንዲህ ይላል፦

«ሃይስኩል ቋሚ ተሰላፊ ነበርኩ። እዚህ ሦስተኛ ነኝ፤ ከፊቴ ያሉት ሁለቱ ደግሞ በሩጫ አይደርሱብኝም። የማጥቃት አሰልጣኙ አዲስ ነው፣ የሚያሠራን ኤር ሬድ የሚባል የማጥቃት ስልት ነው፤ እኛ ሃይስኩል የለመድነው ዊንግ ቲ የሚባለውን ነበር። ሬድሸርት ሊያደርጉኝ፣ ማለትም ዘንድሮን ከጨዋታ ዓመቴ ሳይቆጥሩ ሊያቆዩኝ፣ እንዳሰቡ ሰማሁ። ጓደኞቼ ፖርታል ግባ ይሉኛል። አባቴ ኳሱን ተወውና ተማር ይለኛል። እናቴ በደወለች ቁጥር የምትጠይቀኝ ፍልሰታን እየጾምክ ነው ወይ ብላ ነው። አባቴ የእርስዎን ምክር ስለሚያነብ በአማርኛ ይመልሱልኝ።»

እሺ። ከቀላሉ ልጀምር። ፖርታሉን፣ ተጫዋች ኮሌጅ ለመቀየር የሚመዘገብበትን ማለት ነው፣ ለጊዜው እርሳው። ለፉትቦል የሚከፈተው በጃንዋሪ ነው፣ ያውም ለሁለት ሳምንት ብቻ። አሁን ስለ እሱ ማውራት ሠርጉ ሳይደገስ ስለ ፍቺ መማከር ነው።

«በሩጫ አይደርሱብኝም» ያልከው ላይ ግን እንቆይ። አምንሃለሁ፣ ትፈጥናለህ። ችግሩ አሰልጣኙ የሚያስበው ስለ ፍጥነትህ አለመሆኑ ነው። እሱ ማታ ተኝቶ የሚያስበው «ይሄን ልጅ ባስገባው ኳሱ ይጠለፍብኝ ይሆን?» ብሎ ነው። በምትጫወቱት ስልት ይሄ ፍርሃት እውነተኛ ምክንያት አለው። ዊንግ ቲ ውስጥ ኳሱ በአብዛኛው ተይዞ ይሮጣል እንጂ አይወረወርም፣ ያንተ ሥራ ተከላካይን በሰውነትህ መከልከል፣ ብሎክ ማድረግና አልፎ አልፎ ሮጦ መቀበል ነበር። ኤር ሬድ ሌላ ነው፤ ኳሱ በአብዛኛው ይወረወራል። አሰልጣኞቹ ሃል ሙሚና ማይክ ሊች በ1989 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አዮዋ ዌስሊያን ትባል በነበረች ትንሽ ኮሌጅ ተገናኝተው ያሳደጉት ጨዋታ ነው። ሊች በኋላ ቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ይዞት ሄዶ ትልልቆቹን ቡድኖች አስቸገረበት። የተንኮሉ ምስጢር የጨዋታዎቹ፣ ቀድመው የተነደፉት እንቅስቃሴዎች ማለት ነው፣ ቁጥር ማነሱ ነው። ጥቂት ጨዋታ፣ ያንኑ እየደጋገሙ፣ እንቅልፍ ውስጥ ሆነህም እስክትሠራው ድረስ።

ጥቂት ነው ሲሉህ ቀላል ይመስልሃል። አይደለም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጨዋታ ውስጥ አንተ የምትወስነው ነገር አለ። አራት ሰው ወደ ፊት በረረ እንበል፤ የመጨረሻው ተከላካይ ወደ ኋላ ካፈገፈገ አንተ መሀል ላይ ቆመህ ትቀበላለህ፣ ካላፈገፈገ አልፈኸው ትሮጣለህ። ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባኩም ያንኑ ተከላካይ እያየ ነው። ሁለታችሁ አንድ ነገር ማየት አለባችሁ፣ ያውም እኩል ሰዓት። ኳሱ የሚወረወረው አንተ ሳትዞር ነው። እሱ «ይቆማል» ብሎ ሲወረውር አንተ ከሮጥክ ኳሱ ተከላካይ እጅ ውስጥ ይገባል፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚወቀሰውም ኳርተርባኩ ነው። ስለዚህ በሩጫ የምትቀድማቸው ሁለቱ ልጆች በዚህ ላይ የሚቀድሙህ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። በእንዲህ ዓይነት ፈጣን ጨዋታ ክብ ሠርታችሁ አትመካከሩም፣ ትእዛዙ የሚመጣው ከዳር በእጅ ምልክት ነው። ከ2024 ጀምሮ በትልቁ ዲቪዚዮን የራስ ቁር ውስጥ ሬዲዮ ተፈቅዷል፣ ግን ሜዳ ላይ ላለ አንድ ተጫዋች ብቻ ነው፣ በማጥቃት በኩል እሱ ብዙ ጊዜ ኳርተርባኩ ነው። አንተ ምልክቱን በቃልህ መያዝ አለብህ። እኔ ብሆን ዛሬ ማታ የምጀምረው ከዚህ ነው፤ የክፍል ጓደኛህ አልጋው ላይ ተቀምጦ ምልክቱን ይስጥህ፣ አንተ ተነሥተህ እግርህን አሳየው። ሰው ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ልታውቀው ይገባል። የፍሬሽማን ዕድል ራሱ ጠቧል። ድሮ አሰልጣኝ ክፍተት ሲኖርበት ከሃይስኩል የመጣውን ልጅ ያሳድግ ነበር። ከ2021 ወዲህ ተጫዋች ሲዛወር አንድ ዓመት መቀመጥ ቀረ፣ በ2024 ደግሞ የፈለገውን ያህል ጊዜ እንዲዛወር ተፈቀደ። ከ2025 ጀምሮ በአንድ የፍርድ ቤት ስምምነት ኮሌጆች ለተጫዋች በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፣ ወደ ስምምነቱ የገቡት ኮሌጆች የቡድን ቁጥርም በ105 ተገድቧል። እንግዲህ አሰልጣኝ ሆነህ አስበው። የ18 ዓመት ልጅ ታሳድጋለህ ወይስ ሦስት ዓመት የተጫወተ የ22 ዓመት ጎረምሳ ታመጣለህ? ፖርታል ግባ የሚሉህ ጓደኞችህ የሚረሱት ይሄን ነው። እዚያ ስትገባ የምትወዳደረው ከእነዚያ ጎረምሶች ጋር ነው፣ አንተ ደግሞ የምታሳየው ቪዲዮ እንኳን የለህም።

ወደ ሬድሸርቱ ልምጣ። ቃሉ ቅጣት ይመስላል፣ የኛ ሰው ሲሰማው «ልጄን አባረሩት እንዴ?» ይላል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፤ አራት የውድድር ዘመን ለመጫወት አምስት ዓመት አለህ። ከ2018 ጀምሮ ባለው ደንብ አንድ ተጫዋች በዓመቱ እስከ አራት ጨዋታ ገብቶም ያ ዓመት አይቆጠርበትም። ስለዚህ ሬድሸርት ማለት ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ማለት አይደለም። አራቱ ጨዋታ የትኞቹ ይሁኑ የሚለው ነው ጥያቄው። ብዙ አሰልጣኝ መጀመሪያ ላይ አይጨርሳቸውም፣ ሰው ሲጎዳበት ኖቬምበር ላይ ያወጣቸዋል። የኮሌጁ የደንብ ክትትል ቢሮ ሄደህ የዘንድሮውን ደንብ በጽሑፍ ተቀበል፤ ሰሞኑን የማይቀየር ደንብ የለም፣ የመልበሻ ቤት ወሬም ደንብ አይደለም።

በኋላ የፕሮፌሽናል ሊግ ኳርተርባክ የሆነው ጆ በሮው በ2015 ኦሃዮ ስቴት ሬድሸርት ነበር። ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት ተጠባባቂ ሆነ። ሰው የሚረሳው ግን ይሄ ነው፤ በሦስት ዓመት ዲግሪውን ይዞ ወጣ፣ ወደ ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) የሄደው በ2018 ተመርቆ ነው። እዚያም የመጀመሪያው ዓመት 16 የጎል ኳስ ወረወረ፣ ደህና ነው እንጂ የሚያስጨበጭብ አልነበረም። በ2019 ጆ ብሬዲ የሚባል ወጣት አሰልጣኝ መጣ፣ ማጥቃቱ ተበትኖ ተሠራ፣ ያው ልጅ 60 ወረወረ። ሰውየው በአንድ ክረምት ሌላ ሰው አልሆነም፣ ስልቱ ወደ እሱ መጣ። ተቃራኒውም አለ። ጆርጂያ ቴክ ከ2008 እስከ 2018 በፖል ጆንሰን ሥር ኳስ የማይወረውር ቡድን ነበር ማለት ይቻላል፣ ሪሲቨሩ እንዳንተ ሃይስኩል ብሎክ አድራጊ ነበር። አሰልጣኙ ሲሄድ ስልቱም ሄደ፣ በ2019 ቡድኑ ሦስት አሸንፎ ዘጠኝ ተሸነፈ። የአሁኑ አሰልጣኝህም ቢሳካለት ሌላ ቦታ ይጠሩታል፣ ባይሳካለት ያባርሩታል። ኮሌጅ በስልት አይመረጥም፣ በስልትም አይለቀቅም።

ዘንድሮ ሜዳ መግባት ከፈለግክ ደግሞ በሩ ሌላ ነው፤ ስፔሻል ቲም። ኳስ ሲመታ ሮጦ የሚያስቆመው ቡድን ቋሚዎቹ የማይወዱት ሥራ ነው። አንተ ትፈጥናለህ፣ ከዊንግ ቲ ስለመጣህ ብሎክም ታውቃለህ። ከፊትህ ያሉት ሁለቱ ይሄን አያውቁ ይሆናል። የስፔሻል ቲም አሰልጣኙ ጋ ሂድና «እኔን ሞክሩኝ» በለው።

ሂድና በለው ስልህ እንዴት እንደምትሄድ ይታየኛል። አንገትህን ደፍተህ። አስተዳደጋችን ነው፤ ታላቅ ሲናገር ዓይን ዓይኑን አይታይም። እዚህ ያው አክብሮት «ልጁ በራሱ አይተማመንም» ተብሎ ይተረጎማል፣ ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ሲቀር አይቻለሁ። ቀና ብለህ እየው። «ለምን አልገባም?» አትበለው፣ ወቀሳ ነው። «በአራቱ ጨዋታ እንድታምነኝ የቱን ላስተካክል?» በለው፣ የሚልህን እፊቱ ጻፍ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ያንኑ ወረቀት ይዘህ ተመለስ።

ጾሙ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ ልምምዱ የሚበረታውም ልክ በዚያው ሰሞን ነው። እኔ ጹም አትጹም ልልህ አልችልም፣ እሱን የሚነግሩህ የነፍስ አባትህ ናቸው፤ ደውልላቸው፣ በቀን ስንት ሰዓት በምን ዓይነት ሙቀት እንደምትሮጥ ሳትደብቅ ንገራቸው። ለቡድኑ ሐኪምና ለምግብ ባለሙያውም መንገር አለብህ። ከሥጋና ከወተት መታቀብ ብቻውን ችግር የለውም፣ ምስሩም ሽሮውም አለ፤ የሚያስፈራው ውሃ ሳይጠጡ እስከ ከሰዓት መሮጥ ነው። በ2018 እዚያው ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጆርዳን ማክኔር የሚባል የ19 ዓመት ተጫዋች ልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞቷል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ትጥቅ በራስ ቁር ብቻ የሚያለማምዷችሁ ሰውነታችሁ ሙቀቱን እንዲለምድ ነው። ዞር ካለብህ፣ ማላብ ካቆምክ፣ ቁም። ጀግና ለመባል ብለህ ዝም አትበል። ለእናትህም እንዲህ በላት፤ ጠይቄያለሁ፣ ተመክሬያለሁ።

አሁን ደግሞ ለአባትህ። ጋሼ፣ ይህን እያነበቡ ከሆነ፣ በአንድ ነገር ልክ ነዎት። ከኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋቾች ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ የሚገቡት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። በሌላው ግን እንከራከር። ልጅዎ ኳሱን ዛሬ ቢተው የሚተወው ኳስ ብቻ አይደለም፣ የሚያስተምረውን ገንዘብም ነው። ሬድሸርት ሆኖ ስኮላርሺፑ በየዓመቱ ከታደሰለት በአራት ዓመት ዲግሪውን ይዞ አምስተኛውን ዓመት ማስተርስ በኮሌጁ ወጪ ሊማር ይችላል። ይሄን ሂሳብ ለጎረቤት ቢያወሩት የሚያኮራ ነው።

አንተ ግን የምን ትምህርት እንደምትማር በደብዳቤህ አንድ መስመር እንኳን አልጻፍክም። ቅር ያለኝ እሱ ነው። ክፍል ሲጀመር የቡድን ሥራ በሳምንት 20 ሰዓት ተብሎ ይገደባል፣ በተግባር ግን ከዚያ የሚያንስ ሆኖ አላየሁትም። ከሰዓት ላቦራቶሪ ያለው ትምህርት ከልምምድ ጋር ይጋጫል፣ ያን ጊዜ አንዳንድ አማካሪ ቀስ ብሎ ወደ ቀላሉ ይገፋሃል። እምቢ በል፤ ላቦራቶሪው ጠዋት ያለው የትኛው ሴሚስተር እንደሆነ ጠይቅ። ደንቡ ራሱ ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ የዲግሪህን 40 ከመቶ፣ በሦስተኛው 60፣ በአራተኛው 80 እንድትጨርስ ያስገድድሃል። ሦስት ኮሌጅ የቀያየረ ልጅ መክሬ አውቃለሁ፣ በየሄደበት ግማሽ ክሬዲቱን አልቀበልም እያሉት በአራተኛው ዓመት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኖ አገኘሁት። ኳሱም አልሆነለትም።

ስለዚህ ይሄን ሳምንት ምልክቱን አጥና፣ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ አሰልጣኙን አናግረው፣ ሰኞ የትምህርት አማካሪህ ጋ ግባ። ከዚያ ጻፍልኝ፤ አሰልጣኙ ያለህን እንዳለ ጻፈው፣ አታሳምረው። የመረጥከውንም ትምህርት።