«ስንት ጎብሊን ላስገባ?» እና ሌሎች የውጊያ ጥያቄዎች፤ አባ ዳይስ ይመልሳል

«ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጠየቃችሁኝ፣ እጄ እስኪዝል። ለማያውቁኝ፦ ጅማ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ጓደኞቼን ሰብስቤ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አጫውታለሁ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የታሪኩን አንድ ሰው ሆኖ በዳይስ የሚጫወተው የተረት ጨዋታ ነው። ዲኤም ነኝ፤ ታሪኩን የምተርከውም ጭራቆቹን የማንቀሳቅሰውም እኔ ነኝ ማለት ነው። የምመልሰው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የአምስተኛው እትም ሕግ ነው። ስለ ውጊያ ዝግጅት ብቻ ጠይቁ ብያለሁ። የሰማኝ የለም።

ጀማሪዋ፦ አባ ዳይስ፣ አራት ተጫዋቾች አሉኝ፤ ሁሉም ሌቭል 1፣ ማለትም መጀመሪያው ደረጃ ላይ ናቸው። ስንት ጎብሊን ላስገባ?

ተባረኪ፤ የሰውን ብዛትም ሌቭሉንም ነገርሽኝ። እንቁጠር። ጎብሊን ትንሽዬ ጭራቅ ነው፤ አንዱ 50 ኤክስፒ ነው። ኤክስፒ ማለት ጭራቁን ላሸነፈ የሚሰጥ ነጥብ ነው፤ የውጊያውንም ክብደት የምንለካው በእሱ ነው። ጭራቅ ሲበዛ መጽሐፉ ያባዛል፤ ሁለት ከሆኑ በ1.5፣ ከሦስት እስከ ስድስት ከሆኑ በ2። ስለዚህ ሁለት ጎብሊን 150፣ ሦስት 300፣ አራት 400 ይሆናሉ። ለአራት ሌቭል 1 ተጫዋቾች ቀላል የሚባለው ከ100፣ መካከለኛው ከ200፣ ከባዱ ከ300፣ ገዳዩ ከ400 ይጀምራል። አየሽ አይደል? ሁለት ጎብሊን ቀላል፣ ሦስት ከባድ፣ አራት ገዳይ። አራት ለአራት እኩል ይመስላል እንጂ አይደለም።

የሚባዛው ለምንድን ነው? እያንዳንዱ ጎብሊን የራሱ ተራ ስላለው ነው። ተራ ማለት ምት ማለት ነው። በዚያ ላይ ጎብሊን ወግቶ በዚያው ተራ ሊደበቅ ይችላል። ሜዳ ላይ ካቆምሽው ሞኝ ነው፤ ቡና ተክል መሃል ካስገባሽው ግን ያስለቅሳል። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ማባዣው ክብደቱን ለመለካት ብቻ ነው። ለተጫዋቾች የምትሰጪው ያልተባዛውን ነው።

ባለቀስት፦ ስንት ጎብሊን ይበቃል?

ለማን? ስንት ሰው? ስንተኛ ሌቭል? ከላይ አንብብ።

ባለሲኒ፦ እኔ ብዙ ጭራቅ መቆጣጠር ይከብደኛል። አንድ ትልቅ ኦገር (ዱላ የያዘ ግዙፍ ጭራቅ) ብቻውን ባስገባስ?

ብቻውን የቆመ ጭራቅ አታስገቡ። ዛሬ ይህን ስንቴ እንደምደግመው እናያለን።

የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ጨዋታዬ ነው። መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተናል። ካርታው የካርቶን ክዳን፣ ተጫዋቾቹ የጠርሙስ ቆርኪ፣ ኦገሩ ደግሞ የተደፋ ሲኒ። ሌቭል 1 ጠንቋያችን 8 ሂት ፖይንት፣ ማለትም የሕይወት ነጥብ፣ ነበረው። የኦገር ዱላ ሲመታ ሁለት ባለ 8 ዳይስ ተጥሎ 4 ይጨመርበታል፤ በአማካይ 13 ያወርዳል። የእኔ ዳይስ ሁለቱም 8 ወጡ፤ 4 ሲጨመር 20። ከ20 ላይ 8 ሲቀነስ የሚተርፈው 12 ነው። የተረፈው ምት ከሙሉ ሂት ፖይንትህ እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ እዚያው ትሞታለህ፤ መዳኛ ዳይስ እንኳ የለም። ልጁ ለጠንቋዩ ስም ሲመርጥ ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። የሞተው በመጀመሪያው ዙር ነው። ቆርኪውን አንስቶ ኪሱ ከተተና ዝም ብሎ ቡናውን ጠጣ።

ግልባጩም አለ። ዳይሱ ለተጫዋቾቹ ካደላ አራት ሰው በዙር አራት ጊዜ ይመታል፣ ኦገሩ አንዴ። አርመር ክላሱ (እሱን ለመምታት ዳይሱ መድረስ ያለበት ቁጥር) 11 ብቻ ነው፤ 59ኙ ሂት ፖይንት ሳታስበው ያልቃል። ብቻውን የቆመ ጭራቅ ወይ ጨፍጫፊ ነው ወይ መቀለጃ፤ መሃል ላይ አይገኝም። ለዚህ ነው ለአዋቂ ድራጎኖች ሌጀንደሪ አክሽን የሰጧቸው፤ በሌላ ሰው ተራ መጨረሻ ላይም ይንቀሳቀሳሉ። የአንተ ኦገር ያ የለውም።

ነገረኛው፦ ዳይስ የት ይገዛል?

ስልክህ ላይ አፕ ጫን። ቀጣይ።

የቦዬ ጉማሬ፦ ጅብ 5 ሂት ፖይንት ብቻ ነው እንዴ?! የጻፉት ሰዎች ማታ መንገድ ላይ ከጅብ ጋር ተፋጠው አያውቁም።

5 ነው፤ 10 ኤክስፒ ብቻ። ግን ፓክ ታክቲክስ አለው። ከሚነከሰው ሰው አጠገብ ሌላ ጓደኛው ከቆመ ባለ 20ውን ዳይስ ሁለቴ ጥሎ የተሻለውን ይወስዳል። 8 ጅብ 80 ኤክስፒ ነው፤ ለስምንት ማባዣው 2.5 ስለሆነ 200 ይሆናል። ለጀማሪዋ ቡድን መካከለኛ ውጊያ።

ባለሲኒ፦ ጅብ እኮ ፈሪ ነው። ድንጋይ ስታነሳ ይሄዳል።

የቦዬ ጉማሬ፦ አንድ ሲሆን ነዋ! ስድስት ሆኖ ይምጣብህና ድንጋይ አንሳ።

ባለሲኒ፦ እኛ ሰፈር በየማታው ያልፋል። ውሻ እንኳ ነክቶ አያውቅም።

ጀማሪዋ፦ የእኛን ውሻ ባለፈው ክረምት በልቶታል።

ባለሲኒ፦ ታሞ ነበር ይሆናላ።

ጀማሪዋ፦ ማን? ውሻው ወይስ ጅቡ?

እሺ በቃ! ውሻው ነፍሱን ይማረው። ጉማሬው ግን ሳያውቀው ሕጉን አስረድቷል፤ አንድ ሲሆን ይሸሻል፣ ስድስት ሲሆን ይከባል። እንደዚያው አጫውቱት። ሦስቱ ሲሞቱ የቀሩት ይሽሹ።

ባለቀስት፦ ተጫዋች ሊሞት ሲል ዳይሱን ደብቄ ብዋሽስ?

እኔ አልዋሽም። ጠንቋዩንም አላተረፍኩትም። አንተ እንደ ልብህ።

የጅሬኑ፦ የእኔ ውጊያ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። ገብተን እንመታለን፣ ይመቱናል፣ አንዱ ያልቃል። ምን ላድርግ?

ይህን ነበር የምጠብቀው። ተደገፉና አንብቡ።

አንተ ጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሥር ነው የምትኖረው። የጅማ መንግሥት በዳር ድንበሩ ኬላዎች ነበሩት፤ ነጋዴ ቀረጥ ከፍሎ ነው የሚያልፈው። እኔ ያንን ኬላ አንስቼ ጨዋታ ውስጥ ከተትኩት። ተጫዋቾቹ ስድስት በቅሎ ቡና ጭነዋል፣ ዝናብ ይዘንባል። ፊት ለፊት በር አለ፣ በግራና ቀኝ ጭቃ የሞላው ቦይ። አራት ዘበኛ፣ አንድ ከበሮ።

ዘበኛ 25 ኤክስፒ ነው። አራቱ 100፣ ሲባዙ 200። መካከለኛ ውጊያ ነው፤ ምንም የሚያስፈራ የለውም። ግን ዓላማው መግደል አይደለም፣ በቅሎዎቹን ማሳለፍ ነው። ከበሮው ከተመታ በሦስተኛው ዙር ሌላ አራት ዘበኛ ይደርሳል። አሁን ተጫዋቾቹ ሁሉ ከበሮውን ያያሉ እንጂ ዘበኞቹን አያዩም። ቦዩ ውስጥ የገባ እርምጃው በግማሽ ይቀንሳል፤ በዙር ስድስት ካሬ የሚሄደው ሦስት ብቻ። በሩ ጀርባ የተጠለለ ዘበኛ አርመር ክላሱ በ2 ይጨምራል፣ አጮልቆ ብቻ የሚወጋ ከሆነ በ5። ከእግዜር ዝናብና ከአንድ በር ይህን ሁሉ አገኘህ፤ አንድም ጭራቅ አልጨመርክም።

እኛ ስንጫወተው አንዱ ከበሮውን በቀስት ሊቀድ ሞከረ፣ ሳተ። ሌላዋ በቅሎዎቹን ለቀቀቻቸው። ስድስት የቡና ፍሬ ካርታው ላይ ተበተነ፤ በቅሎ እንዲህ ነው የምንሠራው። ዘበኞቹ ግማሹ በቅሎ ሲያባርር ግማሹ ሲዋጋ፣ እኔ ራሴ ማን እንደሚያሸንፍ አላውቅም ነበር። ሁለት ዘበኛ ሲወድቅ ሦስተኛው ጦሩን ጥሎ እጁን አነሳ። ይህን አስቡበት፦ ደመወዙ ስንት ሆኖ ነው እስከ ሞት የሚዋጋው? ጭራቅም ሰውም ነፍሱን ይወዳል። ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱ ወገን ምን እንደሚፈልግና መቼ እንደሚሸሽ በአንድ መስመር ጻፉ።

ነገረኛው፦ 2024 ላይ በወጣው መጽሐፍ ማባዣው ቀርቷል እኮ። ያረጀ ነው የምታስተምረው።

ቀርቷል፣ አውቃለሁ። እኔ በ2014ቱ እመልሳለሁ ያልኩት መግቢያው ላይ ነው። ማባዣው ስለቀረ ግን ስምንት ጅብ ስምንት ጊዜ መንከሱን አልተወም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የመጣሁት። ስለ ጅቡ ማለት የምፈልገው…

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቀጣይ።

አዲስ ገቢ፦ እሺ ሌላ ልጠይቅ። ስንት ጎብሊን…

ወላሂ ልዘጋው ነው።

ባለሲኒ፦ አንድ ኦገር ብቻውን፣ ግን ሂት ፖይንቱን በእጥፍ ብጨምርለትስ?

ብቻውን የቆመ ጭራቅ አታስገቡ። ሂት ፖይንት ስትጨምር ውጊያው ይረዝማል እንጂ አይጣፍጥም። ሁለት ጎብሊን ትከሻው ላይ አስቀምጥለት። ለሌቭል 1 ግን አይሆንም፤ ኦገር ብቻውን 450 ነው፣ ገዳዩን መስመር አልፏል። ሌቭል 3 እስኪደርሱ ጠብቅ።

የጅሬኑ፦ አንድ የመጨረሻ። ኬላው ላይ ተጫዋቾቹ ሳይዋጉ ቀረጡን ከፍለው ቢያልፉስ? ያን ሁሉ አዘጋጅቼ?

ይክፈሉ። ካርታውን ግን አትጣለው። ቡናውን ሸጠው ኪሳቸው ሞልቶ ሲመለሱ በዚያው በር ነው የሚያልፉት።