መልስ፦ ዕድሜ ሲገፋ የማወቅ ጉጉት ይጠፋል ወይ?

ወንድሜ፣ አባትህ ጡረታ ከወጡ በኋላ አዲስ ነገር ስታሳያቸው «ምን ያደርግልኛል» ማለታቸው አሳስቦሃል። ጉጉት በዕድሜ ይጠፋል ወይ ነው ጥያቄህ። አይጠፋም፤ መራጭ ይሆናል እንጂ።

በ2025 እ.ኤ.አ. ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ ደስ የሚል ጥናት ወጥቶ ነበር። ከ20 እስከ 84 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ከበድ ያሉ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄዎች ቀረቡላቸው። መልሱን ገመቱ፤ ከዚያ ትክክለኛውን ለማወቅ ምን ያህል እንደጓጉ ተጠየቁ። በጥቅሉ «አዲስ ነገር እወዳለሁ» የማለት ዝንባሌ በዕድሜ ትንሽ ይቀንሳል። አንድ የተለየ ጥያቄ የሚቀሰቅሰው ጉጉት ግን ከጎልማሳነት በኋላ ጭራሽ ይጨምራል! እኔን ያስደሰተኝ ይሄ ነው።

ወጣት ለፈተናም ለሥራም ስለሚሆነው ሁሉንም ይነካካል። የስታንፎርዷ የሥነ ልቦና ምሁር ላውራ ካርስተንሰን እንደሚሉት፣ ቀሪ ጊዜው ማጠሩ የተሰማው ሰው ደግሞ ትርጉም ወደሚሰጠው ነገር ያዘነብላል።

ስለዚህ የስልክ አፕ ማስተማሩን ለጊዜው ተወው። ስለ ሙያቸው ወይም ስላደጉበት አገር የምር የማታውቀውን ነገር ጠይቃቸው። እሳቸውም ካላወቁት መልሱን አብራችሁ ዩቲዩብ ላይ ፈልጉ።