ኮምፒውተሩ "ደህና ናት" አለ፣ ልጆቹ ግን ራሳቸውን ያማቸዋል

የዚህ ወር ፖስታ ጭስ ጭስ ይላል። ስለ መኪና ከመጡት ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። የጠያቂዎቹን መኪናዎች ስም ግን አላወጣም፣ በአንድ ሰው መኪና ፋብሪካውን መክሰስ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሦስት ረድፍ ወንበር ያላት የቤተሰብ መኪና አለችኝ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሃይዌይ ልገባ ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ውስጥ ይገባል። ከኋላ የሚቀመጡት ሁለቱ ልጆቼ ራሳችንን አመመን ይሉኛል። ጋራዥ ሁለቴ ወሰድኳት፣ ኮምፒውተር ሰክተው "ምንም ኮድ የለም"፣ ብልሽት አላሳየም ብለው መለሱኝ። ባለቤቴ ልጆቹ ስልክ ስለሚያዩ ነው ይላል።

መልስ፦ ባለቤትሽ ይቅር ይበለኝና፣ ስልኩን ለጊዜው ተዪው። መኪናዋ እስክትታይ ልጆቹን በሌላ መኪና አመላልሺ። የእንቁላሉ ሽታ የሰልፈር ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሞተሩ ነዳጅ ሲያበዛ ወይም ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት ሲደክም ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን እሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ሽታ የለውም፣ ቀለምም የለውም፣ ግን የሚወጣው ከዚያው ከጭስ ማውጫው ቱቦ ስለሆነ ሽታው ከገባ እሱም አብሮ ሊገባ ይችላል። ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ልጆቹ ከመኪና ወርደው ትንሽ ሲቆዩ የሚሻላቸው ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ካዞራቸው ወይም ካስመለሳቸው ሐኪም ቤት ውሰጂያቸውና ጭስ እንደሸተታቸው ተናገሪ፣ በደም ምርመራ ይታያል።

"ኮድ የለም" ያሉሽ እውነታቸውን ይሆናል። ኮምፒውተሩ የሚያየው ሞተሩንና ቱቦው ውስጥ ያለውን ነው እንጂ የኋላ በር ላስቲክ አይቶ አያውቅም! የአንቺን ነገር ስሰማ ትዝ ያለኝ የፎርድ ኤክስፕሎረር ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ጭስ ውስጥ ይገባል የሚል አቤቱታ ሲበዛበት በ2016 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ምርመራ ከፈተ። በ2017 የቴክሳሷ ኦስቲን ፖሊስ ወደ 400 የሚጠጉ ኤክስፕሎረሮቹን ከመንገድ አነሳ። ፎርድም በዚያው ዓመት ከ2011 እስከ 2017 ለተሠሩት ነጻ አገልግሎት ሰጠ፦ የኋላውን ክፍተት መድፈን፣ የኋላ በሩን ማስተካከል፣ ነዳጅ በኃይል ሲረገጥ ኤሲው የውጭ አየር እንዲያስገባ ፕሮግራሙን መቀየር። ምርመራው በ2023 ሲዘጋ በተራ ሰው መኪኖች ላይ የጋዙ መጠን ከሚፈቀደው አላለፈም ተባለ። ከፍ ያለው የተገኘው በፖሊስ መኪኖች ላይ ነው፣ እሱም መብራትና ሽቦ ለመግጠም ከተበሱ ቀዳዳዎችና ከግጭት ጉዳት ጋር የተያያዘ ነበር።

ከዚህ ለአንቺ የሚጠቅመው ይሄ ነው። መኪና ሲሮጥ ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል፣ ጭሱም እዚያው ይሽከረከራል። ኤሲውን የውስጡን አየር ብቻ እንዲያዞር ካደረግሽው ደግሞ ጭሱ በትንሿም ቀዳዳ መግባት ይቀለዋል። ስለዚህ ሁሌም የውጭ አየር እንዲያስገባ አድርጊው። ከዚያ አንድ ዶላር አውጪና ላስቲኩ ላይ አድርገሽ የኋላውን በር ዝጊበት። ዶላሩን ስትጎትቺው ሳይዝ ሹልክ ካለ ላስቲኩ አልቋል። ዙሪያውን እንዲሁ ሞክሪ፣ ላስቲኩ ላይ ጥቁር ጥቀርሻ ካለም በጣትሽ ጠርገሽ እዪ። መኪናዋ ከኋላ ተገጭታ ታውቃለች? ፓራውልት ሲቀየር ከጀርባው ያለውን የአየር መውጫ ክዳን ሳይመልሱ የሚገጥሙ አሉ። ጋራዥ ስትመለሺ "ኮድ አንብቡልኝ" አትበያቸው፣ "ወደ ላይ አንሱልኝና ከሞተሩ እስከ ማርሚታው መጋጠሚያውን ሁሉ ልይ" በያቸው። በሚያፈስበት ቦታ ጥቀርሻ ይኖራል።

(ሶፋ ጭናችሁ የኋላ በሩን በገመድ አስራችሁ የምትነዱም ይሄ እናንተንም ይመለከታል።)

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። መኪናዬ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች፣ ዘይትም ትበላለች። መካኒኩ "ሞተር ይፈታ" ብሎኛል። ዋጋውን ስሰማ ተቀመጥኩ።

መልስ፦ መምህር፣ ገና አያስፈቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው ማለት ነው፣ ከየት እንደሚገባ ግን አይነግርዎትም። ከእንጦጦ ቁልቁል ነዳጅ ሳይነኩ በማርሽ ይውረዱ፣ ታች ሲደርሱ ረገጥ ያድርጉ። ያኔ ብቻ ቡፍ ብላ ከጠፋች ብዙ ጊዜ የቫልቭ ላስቲኮች ናቸው፣ ለዚህ ደግሞ ሙሉ ሞተር አይፈታም። ዳገት ላይ ሳታቋርጥ የምታጨስ ከሆነ ፋሻውን፣ የፒስተኑን ቀለበቶች ማለቴ ነው፣ እጠረጥራለሁ። ያም ቢሆን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት፣ ይለካ። ዝቅ ያለው ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ሲለካ ከፍ ካለ፣ መካኒኩ ልክ ነው፣ ፋሻ ነው። ከሁሉ በፊት ግን የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ይታይ። ትንሽ ዕቃ ነው፣ ሲደፈን ዘይቱን ወደ አየር መግቢያው ይገፋዋል። እሱን ሳያይ "ይፈታ" የሚል መካኒክ እኔ አልወድም።

ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ ነኝ። የእኔ መኪና ዘይት መብላት ትቶ ዘይት ይጨምራል! ጓደኞቼ ሳቁብኝ።

መልስ፦ ይሳቁ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጣና አሽትተው። ቤንዚን ቤንዚን ካለ፣ ያልነደደ ነዳጅ ዘይቱ ውስጥ እየገባ ነው። በብርድ አገር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ቱርቦ ሞተር ላይ ይታያል፣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ነዳጁ ተንኖ አይወጣም። ሆንዳም በ2017ና በ2018 ሲአር-ቪ በሚባለው መኪናው 1.5 ሊትር ቱርቦ ሞተር ላይ ይሄው ችግር መጥቶበት የሞተሩን ዋስትና አራዝሞ ነበር። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ቶሎ ቀይረው፣ የቀጠነ ዘይት ሞተር ይበላል። በሳምንት አንዴ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ሃይዌይ ላይ ውሰዳት። ዘንጉ ላይ ያለው ቡና በወተት ከመሰለ ግን ነዳጅ ሳይሆን ውሃ ነው፣ የራዲያተሩ ውሃ ጎድሎ እንደሆነ እየውና መልሰህ ጻፍልኝ።