ኮናን ለምን ሰለቸኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ ጓደኛዬ «ይህን ሳታነብ ምን አነበብኩ ትላለህ» እያለ ቢነዘንዘኝ ኮናን ስለሚባል የልብ ወለድ ሰይፈኛ የተጻፉ ታሪኮችን ስብስብ ገዛሁ። ሦስተኛው ላይ ታከተኝ። ሰይፍ፣ ጭራቅ፣ ጠንቋይ፣ እንደገና ሰይፍ። ሰው ምኑን ወዶት ነው?

መልስ፦ ሦስቱን በአንድ ምሽት ካነበብካቸው ቢታክትህ አይገርመኝም። ሮበርት ሃዋርድ እነዚህን የጻፋቸው «ዊርድ ቴልስ» ለሚባል የአሜሪካ ርካሽ መጽሔት ነው። የመጀመሪያው ኮናን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1932 እትም ወጣ። የዚያን ጊዜ አንባቢ አንዱን ጨርሶ ቀጣዩን ለማግኘት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይጠብቃል። ስለዚህ ሃዋርድ የሰውየውን ጡንቻና ሰማያዊ ዓይን በየታሪኩ እንደ አዲስ ይነግርሃል። አከታትለህ ስታነበው እሱ ነው የሚያሰለችህ። አንድ አንብብና መጽሐፉን አስቀምጠው።

በቅደም ተከተል ማንበብም ግዴታ አይደለም። በ1933 በወጣው «የዝሆኑ ግንብ» ጀምር። ኮናን እዚህ ገና ጎረምሳ ሌባ ነው። ዓለምን ላድን የሚል ነገር የለውም፤ ዕንቁ ሊሰርቅ ነው ግንብ የሚወጣው። አንበሳውም፣ ግዙፉ ሸረሪትም፣ የጠበቅከው ሁሉ አለ። ከዚያ አንድ ክፍል ውስጥ የዝሆን ራስ ያለው፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ያገኛል። ዕውር ነው፤ ገላው በስቃይ ብዛት ተሰባብሯል። ኩምቢውን ዘርግቶ የኮናንን ፊት ቀስ ብሎ ይዳስሳል። ያ ሰይፍ መዛዥ ፈቀቅ አይልም። በሰው ልጅ ሁሉ ጥፋት እሱ የተጠየቀ ይመስል አንጀቱ ይላወሳል። እዚህ ጋ ምንም ካልተሰማህ፣ በቃ፣ ሃዋርድ ያንተ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ሃዋርድ ስለ ጥቁር ሰዎች የሚጽፈው አንዳንዱ ያስጠላል። ዘመኑ ነው ተብሎ የሚታለፍም አይደለም። ደግሜ የማልገልጣቸው ታሪኮች አሉ።

ሳቅ የምትወድ ከሆነ ፍሪትዝ ሌይበር የሚባለውን ደራሲ ሞክር። ፋፍርድና ግሬይ ማውዘር የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች አሉት፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ይሰርቃሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይነታረካሉ፣ ያገኙትን ገንዘብ ያባክናሉ። ወሬያቸው ከሰይፋቸው ይበልጣል። ሴት ጀግና ካሰኘችህ ደግሞ የደራሲዋ የሲ. ኤል. ሙር ጂረል አለችልህ፤ በ1934 ነው ብቅ ያለችው። ቤተ መንግሥቷን የነጠቃትን ሰው የምትበቀልበት መሣሪያ ፍለጋ ከምድር በታች ወዳለ ሌላ ዓለም ትወርዳለች። መሣሪያውን ታገኛለች፤ ከተበቀለች በኋላ የሚሰማትን ግን አልነግርህም።