«ያስር» ወይስ «ያስራል»? ድሩስ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ ብመክረው «አባዬ፣ የሸረሪት ድር ዝንብ ይይዝ ይሆናል እንጂ አንበሳ አያስርም፤ የድሮ ሰው አባባል ዛሬ አይሠራም» አለኝ። በዚያ ላይ «ያስራል» ነው የሚባለው ብሎ አረመኝ። ማናችን ነን ትክክል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሰዋስዉ ልጀምር፤ እሱ ብዙ አያከራክርም። «ያስር» ትክክል ነው። ዛሬ የትንቢት ግሥ ዐረፍተ ነገር ሲዘጋ «አለ»ን ከኋላው እናስከትላለን፤ ያስር ከአል ጋር ያስራል ይሆናል። ግእዙ ግን «የአስር» ብሎ ያቆማል፤ አባባሎቻችንም ይህንኑ አጭር ቅርጽ ይዘው ቆይተዋል። አሉታው ላይም ያዩታል፤ «የሰው ወርቅ አያደምቅ»፣ «ሲያልቅ አያምር» እንላለን። «አያደምቅም» ብለን «ም» ብንጨምርበት ቤት መምታቱ ይቀራል። «ቢያብር» እና «ያስር»ም እንዲሁ ናቸው።

ዋናው ጉዳዬ ግን ድሩ ነው። «ድር ማለት የሸረሪት ነው፤ ምሳሌውን ያጎላውም ደካማነቱ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልቀበላቸውም። ድር አስቀድሞ የሸማኔ ነው። በቁመቱ የሚዘረጋው ክር ድር፣ አግድም የሚገባው ማግ ነው፤ የማይለያዩ ሰዎችን «ድርና ማግ» የምንላቸውም ለዚህ ነው። ሸረሪት «አደራች» የምንለው ሸማኔ ድር ስለሚያደራ ነው፤ ስሙን የተዋሰችው እሷ ናት። «ገበያው ደራ» የምንለውም ከዚሁ ግሥ የወጣ ይመስለኛል። የጽሑፍ ማስረጃ አላቀርብለትም፤ ሰኞ ገበያ ሞልቶ ሰዉ ወዲህና ወዲያ ሲተላለፍ ባየሁ ቁጥር ግን ልቤ ወደዚያ ያደላል። «አደራ በሰማይ አደራ በምድር» የምንልበት አደራ ግን በድምፅ ብቻ ነው የሚገጥመው፤ እሱን አልጨምረውም።

«ቢያብር» ደግሞ ከግእዙ ኀበረ ነው። ኅብረት፣ ማኅበር፣ ግብረ አበር ከዚያው የተገኙ ናቸው፤ ስለዚህ በብዙኃኑ «ኀ» እጽፋቸዋለሁ፣ «ህብረት» ተብሎ ሳየው ዛሬም ቅር ይለኛል። ሸረሪት አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን የምትሠራ ፍጥረት ናት። ድሯ ከማን ጋር ያብራል?

እዚህ ደሴ አንድ የማውቃቸው ሸማኔ አሉ። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከትተው እንደ ተቀመጡ ከድሩ አንዲት ክር መዘዙና በሁለት ጣታቸው በጠሷት። ድምፅ እንኳ አልሰማሁም። ቀጥለው ከአጠገባቸው የነበረውን የድር ጥቅል ገምደው አንዱን ጫፍ ሰጡኝና «ሳብ» አሉኝ። ተረከዜን መሬት ላይ ተክዬ ሳብኩት። መዳፌ ላይ ቀይ መስመር አወጣ እንጂ አልተበጠሰም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ያደገ ልጅ ድርን በሸረሪት ብቻ ማወቁ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም፣ ቃሉን ያላሳየነው እኛ ነን።

ዛሬ ይሠራል ወይ ላሉኝ፣ ሌላው እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ የምንለውን ይመልከቱ። ለቅሶ በደረሰ ሰዓት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን ይተክላል፤ አንድ ቤት ብቻውን የማይችለውን ይሸከሙለታል። መዋጮው በቴሌብር ቢላክም ማበሩ ያው ነው።

ሁሉም አባባል ግን እንዲህ አይደለም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» በሰዋስው የ«ያስር» መንትያ ነው፤ «አል» የለውም፣ ቤትም ይመታል። ሐሳቡ ግን ሐሰት ነው፤ ሲባልም ሐሰት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የአገሪቱም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ፕሬዚዳንቶች ሴቶች ሆነው አይተናል። ይህን አባባል ለግሥ እርባታ ምሳሌ ካልሆነ በቀር አላነሣውም፤ ለልጅ ምክር ብሎ የሚያነሣው ሰው ሲገጥመኝም ዝም አልልም።

«ያስራል»ን በተመለከተ ልጅዎ ከራሱ አላመጣውም። ከብዙ ሰው አፍ ይሰማል፣ ተጽፎም አይቼዋለሁ። ሸረሪቷም ብትሆን ቦታዋን ይዛለች፤ አባባሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም የሄደው በእሷ ድር ነው። ስለዚህ ተማሪ «ያስራል» ብሎ ቢጽፍ ቀይ አላሰምርበትም፣ ሸረሪት ሥሎ ቢያመጣም አልመልስበትም። እኔ ግን «ያስር» እላለሁ፣ ድሩም የሸማኔው ነው። ልጅዎን ይዘው የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወደ ደሴ ሲወጡ ወደ እኔ ጎራ ይበሉ። ሸማኔው ዘንድ እንሄዳለን፤ ክሩን ራሱ ይሳበው።