የሮታሪ ሞተር ዘይት የት ይቀራል? ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው አዲስ የታደሰ ሮታሪ ሞተር (በፒስተን ፋንታ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር የሚዞርበት) በዘይት እጦት መቃጠሉን የሚመለከቱ ናቸው። ከታች ያሉት ልኬቶች 13ቢ የተባለው የማዝዳ ሮታሪ ሞተር ናቸው። ሌላ ሞተር የያዘ ሰው ቁጥሩን ከራሱ ማኑዋል ይውሰድ።

ጥያቄ፦ ሞተሩን ገጥሜ ጨርሻለሁ። ከማስነሳቴ በፊት ዘይት ቤሪንጎቹ ጋ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ዝግጅቱ የሚጀምረው ፓምፑ ሲገጠም ነው። ደረቅ ፓምፕ አየር ያዞራል እንጂ ዘይት አይስብም፤ ስለዚህ ከመክደንዎ በፊት በጥርሶቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በቫዝሊን ይሙሉት። ግራሶ አይሁን። ቫዝሊን ዘይቱ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ግራሶ ግን ተጓጉሎ ጠባብ ቀዳዳ ሊዘጋ ይችላል።

ፊልተሩን ቀድሞ መሙላት በፒስተን ሞተር የተለመደ ነው። በብዙዎቹ አርኤክስ 7 (የማዝዳ ሮታሪ መኪና) ላይ ግን ፊልተሩ አፉን ወደ ታች ደፍቶ ስለሚታሰር የሞሉት ይፈሳል። በምትኩ የዘይት ማቀዝቀዣውንና ቱቦዎቹን ይሙሉ። ቀጥሎ አራቱንም ካንዴላ ያውጡ፣ የነዳጁንና የኢግኒሽኑን ፊውዝ ይንቀሉ፣ በሞተሪኖ 10 ሰከንድ ያህል ያዙሩ፣ ሞተሪኖው እስኪበርድ ያሳርፉት፣ ከዚያ ይድገሙ። የዘይት ግፊት ጌጁ ሲነሳ ወዲያው አያቁሙ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጨምሩ። ከብዙ ሙከራ በኋላም ጌጁ ካልተነሳ የማቀዝቀዣውን መግቢያ ቱቦ ፈትተው እንደገና በሞተሪኖ ያዙሩ። ዘይት ካልመጣ ጥፋቱ ፓምፑ፣ መምጠጫው ወይም የፊት ሽፋኑ ጋ ነው። ከመጣ ከዚያ ወዲያ ይፈልጉ። ሞተሩ ሲነሳ ግፊቱ ይመጣ ይሆናል ብሎ ቁልፍ ማዞር ግን አዲስ ቤሪንግ መግዛት ነው።

ጥያቄ፦ ጌጁ ጥሩ ግፊት እያሳየ የፊተኛው ቤሪንግ ተቃጠለ። ጌጁ ዋሽቶ ነው?

መልስ፦ ጌጁ የለካው እሱ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። ዘይቱ ከፓምፑ ወጥቶ በማቀዝቀዣው በኩል ዞሮ ከኋላ ወዳለው ፊልተር ይመጣል። የግፊት ሴንሰሩም እዚያው ፊልተሩ አካባቢ ነው። ከዚያ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ኋለኛው ቋሚ ማርሽ (የማይዞር ማርሽ) ቤሪንግ ይገባል፤ ሌላው የብረት ግድግዳዎቹንና የሮተር ሃውዚንጎቹን (ሮተሮቹ የሚዞሩባቸውን ቤቶች) በሚያያይዘው ውስጡ ባዶ በሆነ ፒን አልፎ ወደ ፊተኛው ይሄዳል። ሮተሮቹን የሚሸከሙት ቤሪንጎች ደግሞ ድርሻቸውን የሚያገኙት በእነዚህ ሁለት ቤሪንጎች በኩል ወደ ኤክሰንትሪክ ሻፍቱ (ሮተሮቹ ወደሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ከሚገባው ዘይት ነው። ፊተኛው ከተራበ አብሮት የሚራብ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ በፒኑ ዙሪያ ያሉት ኦሪንጎች (የጎማ ቀለበቶች) በየመጋጠሚያው መኖራቸውን፤ አንዱ ከተረሳ ወይም ሲገጠም ከተቆረጠ ዘይቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ቤሪንጉ ወደ ማርሹ ሲጨመቅ ቀዳዳው ከማርሹ የዘይት ቀዳዳ ጋር መግጠሙን፤ ጥቂት ዞሮ ከገባ መግቢያው ይጠባል፣ ጌጁም አያውቀውም። ሦስተኛ፣ በቤሪንጉና በሻፍቱ መካከል ያለውን ክፍተት፤ ከ0.04 እስከ 0.08 ሚሊሜትር ጤነኛ ነው፣ 0.10 ካለፈ ቤሪንጉ ይቀየራል። ከመግጠምዎ በፊት በየቀዳዳው ቀጭን ሽቦ ይስደዱ፣ ከዚያ በኮምፕረሰር ይንፉ። የድሮ ሲሊኮን ቁራጭ የሚገኘው እንዲህ ሲፈተሽ ነው።

ጥያቄ፦ የፊት ሽፋኑን ከከፈትኩ ወዲህ ሲሞቅ ግፊቱ ይወርዳል። ወደ ውጭ የሚፈስ ነገር የለም።

መልስ፦ በሽፋኑና በፊተኛው ግድግዳ መካከል ያለውን ኦሪንግ ይጠርጥሩ። ፓምፑ የገፋው ዘይት በእሱ በኩል ያልፋል፤ ሲያሾልክ ተመልሶ ወደ ታችኛው ማጠራቀሚያ ስለሚወርድ ከውጭ ምንም አይታይም። አሮጌውን መልሰው አይግጠሙ። አዲሱ ከነመደገፊያ ቀለበቱ ገብቶ ከጋስኬቱ ፊት ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ጋስኬቱ ከወፈረ ኦሪንጉ በቂ መጨመቅ አያገኝም።

እግረ መንገድዎን የሻፍቱን የፊት ቡሎን ፈትተው ከሆነ ሌላም ስጋት አለ። ሻፍቱ ወደ ኋላ ከሸሸ ከውስጥ ያለው የመርፌ ቤሪንግ ከቦታው ይወርዳል፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ይደቀቃል፣ ስብርባሪውም ዘይት ውስጥ ይገባል። ካጠበቁ በኋላ የሻፍቱን የፊትና ኋላ እንቅስቃሴ በዳያል ጌጅ ይለኩ፦ ከ0.04 እስከ 0.07 ሚሊሜትር፣ ቢበዛ 0.09።

ጥያቄ፦ የግፊት መቆጣጠሪያው ሞላ ሥር ሺም (ስስ ቀለበት) ባስገባ ሞተሩን ይጠብቀዋል?

መልስ፦ መጀመሪያ ፓምፑን ይለኩ። በፓምፑ ውስጠኛና ውጨኛ ሮተር ጥርሶች መካከል ከ0.15፣ በፓምፑ ውጨኛ ሮተርና በቤቱ መካከል ከ0.30 ሚሊሜትር የሚበልጥ ክፍተት ካለ ፓምፑ አርጅቷል፤ ሺም አያድነውም። መቆጣጠሪያው ከፍተኛውን ግፊት ይወስናል እንጂ የዘይቱን ብዛት አይጨምርም። ግፊት ሲበዛ ደግሞ ወደ ሮተሮቹ ሆድ የሚረጨው ማቀዝቀዣ ዘይት ይጨምራል፤ የሮተሩ የዘይት ቀለበቶች መመለስ ካልቻሉ ሞተሩ ያጨሳል።

ጥያቄ፦ ጠመዝማዛ ላይ ጌጁ ለአፍታ ይወድቃል።

መልስ፦ ማጠራቀሚያው ጥልቀት ስለሌለው ዘይቱ ወደ ጎን ሲሸሽ መምጠጫው አየር ይጎርሳል። ማገጃ ሳህን ይግጠሙ፣ የመምጠጫውን ጋስኬት ይቀይሩ። ዘይት ከመጠን በላይ መሙላት መፍትሔ አይደለም፤ ትርፉ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ይሄዳል። ማጠራቀሚያውን ሲያሽጉ ሲሊኮኑን ያሳንሱ፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ መምጠጫው ወንፊት ላይ ይለጠፋል።

ጥያቄ፦ የድሮውን የዘይት ማቀዝቀዣ አጥቤ ብጠቀምበትስ?

መልስ፦ የቀድሞው ሞተር ቤሪንግ ጨርሶ ከሆነ አይጠቀሙበት። ብናኙ በቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎች ውስጥ ይቀራል፤ ማጠቢያው ጠርቶ ቢወጣም ዋስትና አይሆንም።

ጥያቄ፦ መጣኙን የዘይት ፓምፕ (ወደ ማቃጠያ ክፍሉ ጥቂት ዘይት እየመጠነ የሚልከውን) አውጥቼዋለሁ። ቤሪንጎቹ ይጎዳሉ?

መልስ፦ አይጎዱም፤ እሱ የሚያገለግለው የሮተሩን የጫፍ ሲሎችና ሃውዚንጉን ነው። ሲሎቹ ግን ያለ ዘይት አይኖሩም፤ በአንድ ሊትር ቤንዚን 8 ሚሊሊትር ያህል የሁለት ምት ሞተር ዘይት ይቀላቅሉ። ለ40 ሊትር 320 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። ዘይቱን ከቤንዚኑ አስቀድመው ይጨምሩ፤ ነዳጁ ሲወርድበት በደንብ ይዋሃዳል።