«ጓደኛዬ ሲዋሽ አፍንጫውን ያካል» እና ሌሎች የፖከር ጥያቄዎች

ስለ ቴክሳስ ሆልደም (ሁለት ካርታ በእጅ ይዘው፣ አምስት ጠረጴዛ ላይ እየተዘረጋ ስለሚጫወቱት ፖከር) ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄው ተከምሯል። የቻልኩትን ልመልስ።

ፍለሽ (አምስት ካርታ በአንድ ምልክት፣ ለምሳሌ ሁሉም ልብ ወይም ሁሉም ስፔድ) ይበልጣል ወይስ ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ)?

ፍለሽ። ተወራርደህ ከነበረ ክፈል።

ሁለታችንም አንድ ዓይነት ስትሬት ሠራን፤ ጓደኛዬ «የእኔ ስፔድ ስለሆነ እበልጣለሁ» አለ።

በሆልደም እንዲህ ያለ ነገር የለም። ገንዘቡን እኩል ተካፈሉ።

አንድ አንባቢ ደግሞ ጓደኛው ብለፍ ሲያደርግ (ደካማ ካርታ ይዞ ጠንካራ ሲያስመስል) አፍንጫውን እንደሚያክ ደርሶበታል። ሌላ ምን ልይ ይላል።

ጉንፋን ይዞት ይሆናላ! ፊት ላይ ማፍጠጥ የጀማሪ ሁሉ በሽታ ነው፤ እኔም ነበረብኝ። አንድ ሌሊት ላስ ቬጋስ፣ ከታክሲ ፈረቃ ከወጡ ልጆች ጋር ሳሎን ውስጥ እንጫወታለን። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ቺፑን (የመወራረጃ ጠጠሩን) ሲገፋ ጣቶቹ ተንቀጠቀጡ። ፈርቷል ብዬ ኮል አልኩ፤ እሱ ያስገባውን ያህል አስገባሁ። ለካ ሁለት አስ ይዟል፤ ሦስተኛው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ብዙ ጊዜ ጥሩ ካርታ የደረሰው ሰው እጅ ነው። ብለፍ የሚያደርገው እንዲያውም ድርቅ ይላል።

ፊቱን ተወውና ገንዘቡን ተከታተል። ፍሎፕ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጠረጴዛ ካርታዎች) ላይም ተርን (አራተኛው) ላይም ኮል ብቻ ሲል ቆይቶ፣ ሪቨር (አምስተኛውና የመጨረሻው) ላይ ሦስተኛዋ ልብ ስትወጣ ድንገት ከቆለለ፣ ነገሩ ይገጥማል፤ ፍለሽ ሲጠብቅ ነበር። ከመጀመሪያው ሬይዝ ሲያደርግ (ውርርዱን ከፍ ሲያደርግ) የነበረው ቼክ ካለ (ሳይወራረድ ካለፈ) ግን፣ ልቧ ሳታስፈራው አልቀረችም። ደግሞ ፎልድ ስታደርግ (ካርታህን ጥለህ ስትወጣ) ስልክህን አታውጣ። ማን ምን ይዞ ስንት እንዳስገባ የሚታየው ሌሎች ካርታቸውን ሲገልጡ ነው።

ከፍሎፕ በኋላ አራት ልብ አለኝ። የተጋጣሚዬን ውርርድ ጨምሮ 300 ዶላር ተከማችቷል፤ ከእኔ 100 ይፈለጋል። ልግባ?

ካላየሃቸው 47 ካርታዎች ልብ የሆኑት 9 ናቸው። ቀጣዩ ልብ የመሆን ዕድሉ 19 በመቶ ገደማ ነው፤ ዋጋው ግን (ከ400ው 100ው የአንተ ስለሚሆን) 25 በመቶ ይጠይቃል። ኦል ኢን ሆኖ (ያለህ ሁሉ ገብቶ) ሁለቱንም ካርታ የምታይ ከሆነ ወደ 35 በመቶ ይጠጋል። ያኔ ግባ።

አንዲት እህት የዕቁብ ገንዘቧን ግማሹን ካዚኖ ጨርሳለች። ባለቤቷ አያውቅም። የሚያስመልስ ስልት ትፈልጋለች።

የለም፣ እህቴ። የጠፋ ገንዘብ የሚያሳድድ ሰው እኔ ራሴ ጠረጴዛዬ ላይ እንዲቀመጥ የምመኘው ነው። ዛሬ ለባለቤትሽ ወይም ለምታምኚው ሰው ንገሪ። ከዚያ ጋምብለርስ አኖኒመስ ሂጂ። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ያለ የቁማርተኞች መረዳጃ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ስምሽም አይወጣም። የቀረውን መልሴን ብትረሺው ግድ የለኝም፤ ይህን እንዳታልፊው።

ጥቁር መነጽር ይጠቅማል?

በሌሊት፣ ሳሎን ውስጥ? ካርታህን ራስህ አታየውም።